ለኅብረት ስምምነት በቡድን መደራደር፦ መቼ ይጠቅማል፣ የት ይጎዳል፣ እንዴት ይሠራል

አሠሪው ለኅብረት ድርድር፣ ማለትም ማኅበሩ ሠራተኞቹን ወክሎ ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ለሚያደርገው ድርድር ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሰው ይዞ ነው፦ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ የፋይናንስ ኃላፊው፣ የሕግ አማካሪው፣ አንዳንዴም ምክትል ሥራ አስኪያጁ። በማኅበሩ በኩል ግን ወይ ሊቀ መንበሩ ብቻውን ይገባል፣ ወይ ሥራ አመራር ኮሚቴው በሙሉ ወንበር ሞልቶ ይቀመጣል። ሁለቱም ያስከፍላሉ። ብቻውን የገባው እየተናገረ ማስላት፣ እያሰላ መጻፍ አይችልም። ሰባት ሆነው የገቡት ደግሞ እርስ በርስ ሳይስማሙ ስለመጡ ልዩነታቸውን አሠሪው ፊት ይዘረግፉታል።

ይህ መመሪያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመደራደር ለሚዘጋጅ መሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበር የተጻፈ ነው። የቡድን ድርድር ከባዱ ክፍል ከአሠሪው ጋር የሚደረገው ሳይሆን በራሳችሁ መካከል የሚደረገው ስለሆነ፣ የገጹን ሰፊ ቦታ የወሰደው እሱ ነው።

ቡድን የሚሰጠውና የሚወስደው

ቡድን በመጀመሪያ ደረጃ ጆሮ ይጨምራል። አንዱ ሲናገር ሌላው የፋይናንስ ኃላፊው የትኛው ቁጥር ላይ እንደተቁነጠነጠ ያያል፣ ሦስተኛው የተባለውን ቃል በቃል ይጽፋል። ሁለተኛው ጥቅም ዕውቀት ነው። የማቅለሚያ ክፍል ሠራተኛ ስለ ኬሚካልና ስለ ጓንት የሚያውቀውን የቢሮ ጸሐፊ አያውቀውም፤ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራው ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ወደ ቤት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ታስረዳለች።

ሦስተኛውን ጥቅም ብዙዎች በግልጽ አያወሩትም፤ ከሐሜት መዳን ነው። ሊቀ መንበሩ ብቻውን ገብቶ በ8 በመቶ ጭማሪ ቢወጣ፣ 8 በመቶው የሚቻለው ሁሉ ቢሆን እንኳ «ተደልሎ ነው» መባሉ አይቀርም። ከተለያየ ክፍል የመጡ አራት ሰዎች አብረው ሲወጡ ግን እያንዳንዱ በየክፍሉ ምስክር ይሆናል። አንድን ሰው ለብቻው ማስፈራራት ወይም መሸንገልም ለአሠሪው ይከብደዋል።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። አሠሪው 7 በመቶ ሲል ከአራቱ አንዱ ራሱን ነቀነቀ እንበል። የሊቀ መንበሩ «ከ12 በታች አንነጋገርም» ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዋጋ የለውም። ሌላው ጉዳት ደግሞ ሰው ባልደረባው ፊት ልል መስሎ መታየት ስለማይፈልግ ሁሉም በየተራ አቋሙን ማጠንከሩ ነው፤ ብቻውን ሆኖ ቢጠየቅ ደስ ብሎት የሚቀበለውን በቡድን ይጥለዋል። ሦስተኛው ኃላፊነት መበተኑ ነው፦ ሒሳቡን ያረጋገጠው ሌላ ሰው ነው ብሎ ሁሉም ያምናል፣ ማንም አላረጋገጠም። ጊዜም ይበላል። አዋጁ የማኅበር መሪዎች ለኅብረት ድርድር ከደመወዝ ጋር ፈቃድ እንዲያገኙ ይደነግጋል፤ ቢሆንም አራት ሰው ከመስመር ሲነሳ የፈረቃ አለቃው ማጉረምረሙ ስለማይቀር የድርድሩን ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ይበጃል።

ስለዚህ ለሁሉም ጉዳይ ቡድን አታቋቁሙ። የአንድ ሠራተኛ ቅሬታ፣ የአንድ አንቀጽ ትርጉም፣ የዕረፍት ቀን መሸጋሸግ ሁለት ሰው ይበቃዋል፦ ተናጋሪና ጸሐፊ። ቡድን የሚያስፈልገው ብዙ ጉዳዮች በአንድ ላይ ሲቀርቡና አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል የሚቻል ሲሆን ነው። የኅብረት ስምምነት እንዲህ ያለ ነው።

1. ቡድኑን መምረጥ

ከሦስት አትነሱ፣ ከአምስት አትለፉ። ማኅበሩን የሚወክሉት መሪዎቹ ወይም በማኅበሩ ደንብ መሠረት ለመደራደር ሥልጣን የተሰጣቸው አባላት ናቸው፤ ስለዚህ ደንባችሁን አንብቡና ውክልናውን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። አሠሪው በሦስተኛው ስብሰባ ላይ «እናንተ ማን ወከላችሁ?» ቢል የምታሳዩት ወረቀት ይኑራችሁ።

የሥራ ድርሻው እንዲህ ይከፈላል። ዋና ተደራዳሪው ይናገራል፤ ቁጥር ከእሱ አፍ ብቻ ይወጣል። ሒሳብ ሠሪው ካልኩሌተርና የደመወዝ መዋቅሩን ይዞ ይቀመጣል፤ አሠሪው የሚጠራው እያንዳንዱ መቶኛ በዓመት ስንት ብር እንደሆነ ወዲያው ያሰላል። ጸሐፊው ቃል በቃል ይመዘግባል። አራተኛ ሰው ካለ ሥራው ማየት ነው፦ ከወዲያ በኩል ማን ማንን እንደሚያይ፣ የትኛው ጥያቄ ላይ ዝም እንደሚሉ። የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ይመስላል፣ ብዙ ማኅበራትም ይህን ቦታ ይዘሉታል፤ ከጸሐፊው ቀጥሎ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

ዋና ተደራዳሪ የሚሆነው የግድ ሊቀ መንበሩ አይደለም። ቶሎ የሚቆጣ ሊቀ መንበር ሒሳብ ሠሪ ቢሆን ይሻላል። አማካሪ ማምጣትም ይቻላል፤ አዋጁ ለሁለቱም ወገኖች ይፈቅዳል። ከፌዴሬሽናችሁ ወይም ከኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ) ባለሙያ ከጠየቃችሁ የሚቀመጠው ከኋላችሁ ሆኖ ምክር ሊሰጥ እንጂ በእናንተ ምትክ ሊናገር አይደለም።

አንድ ተጠባባቂ ያዙ። በድርድር መካከል ከቡድኑ አንዱ ድንገት ወደ ኃላፊነት የሚያድግበት ጊዜ አለ። የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ሽፋን ውጭ ስለሆኑ፣ የሥራ መሪ ሆኖ የተሾመ ሰው የሠራተኛ ተወካይ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም። ተጠባባቂው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቃለ ጉባኤውን ሁሉ ያንብብ።

2. ጥያቄ መሰብሰብ

በየክፍሉ ዞራችሁ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ብቻ ካላችሁ የምታገኙት የ60 ጥያቄዎች ዝርዝር ነው። ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ይህን ለማግኘት የትኛውን ትተዋለህ?» መልሶቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ የግድ የሚያስፈልግ፣ በሌላ የሚለወጥ፣ ቢገኝ ጥሩ። የመጀመሪያው ክፍል ከአራት ጥያቄ ካለፈ ገና አልመረጣችሁም ማለት ነው።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን አዋጁ የሚሰጠውን ዝቅተኛ መጠን ጻፉ። የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው፤ ለአባት 3 ቀን። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው አሠሪው በሕግ የሚገደድበትን ነገር እንደ ስጦታ አድርጎ ሲያቀርብላችሁ ነው፤ ይህ ደግሞ በየድርድሩ አለ።

3. በራሳችሁ መካከል ተደራደሩ

400 ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ እንውሰድ፣ አማካይ ደመወዝ 6,000 ብር። የወሩ ደመወዝ 2,400,000 ብር ነው። 10 በመቶ ጭማሪ በወር 240,000፣ በዓመት 2,880,000 ብር ያወጣል። አሠሪው ለጡረታ የሚያዋጣው 11 በመቶ ሲደመርበት 3,196,800 ይሆናል። የፋይናንስ ኃላፊው የሚያየው ይህን የመጨረሻ ቁጥር ነው፤ እናንተም ከእሱ ጀምሩ።

ያው 240,000 ብር ግን በሁለት መንገድ ሊከፋፈል ይችላል። በመቶኛ ከሆነ 3,500 የሚያገኘው የጽዳት ሠራተኛ 350 ብር፣ 15,000 የሚያገኘው ቴክኒሻን 1,500 ብር ይጨመርለታል። ለሁሉም እኩል 600 ብር ከሆነ የጽዳት ሠራተኛው 17 በመቶ ያህል ሲያድግ ቴክኒሻኑ 4 በመቶ ብቻ ያገኛል። ለአሠሪው ወጪው አንድ ነው። የሚጣሉት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ቡድኑም የሚሰነጠቀው እዚህ ላይ ነው።

መካከለኛው መንገድ መደባለቅ ነው፦ ለሁሉም 300 ብር፣ በዚያ ላይ 5 በመቶ። ወጪው እንደገና 240,000 ነው። ባለ 3,500ው 475 ብር፣ ባለ 15,000ው 1,050 ብር ያገኛል። ይህን በጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት በማኅበሩ ቢሮ ጨርሱት። ካልጨረሳችሁ አሠሪው ራሱ «ለዝቅተኛ ተከፋዮች ብቻ እንጨምር» ብሎ ያቀርባል፣ ግማሹ ቡድናችሁም ይስማማል።

ሌላው የውስጥ ጉዳይ ቁጥራቸው ያነሰ ሠራተኞች ነው። የሌሊት ፈረቃ 60 ሰው ብቻ ቢሆን የትራንስፖርት ጥያቄያቸው በድምፅ ብልጫ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ስለዚህ ውስጣዊ ስምምነቱ በድምፅ ብቻ አይወሰን፤ እያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ አንድ ጥያቄው «የግድ» ወይም «የሚለወጥ» በሚለው ውስጥ መግባቱን አረጋግጡ። ምንም ያላገኘ ክፍል ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ማኅበሩን ይለቃል።

ርካሽ የሆኑ ጥያቄዎችንም ፈልጉ። አንድ ተጨማሪ የዕረፍት ቀን ለ400 ሰው ምን ያህል ነው? 6,000 ለ26 የሥራ ቀን ሲካፈል 231 ብር ገደማ ነው፤ በ400 ሲባዛ በዓመት 92,000 ብር ይሆናል። ሁለት ቀን 185,000 አይሞላም። ከ3.2 ሚሊዮኑ ጋር ሲነጻጸር አሠሪው በቀላሉ የሚሰጠው፣ ሠራተኛው ግን በጣም የሚወደው ነው።

በተቃራኒው «ደመወዝ አንጨምርም፣ አበል እንስጥ» ሲባል ተጠንቀቁ። ጡረታ የሚሰላው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው፤ የትራንስፖርትና መሰል አበሎች በአዋጁ ከደመወዝ ትርጉም ውጭ ስለሆኑ የትርፍ ሰዓትንም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያን አያሳድጉም። ዛሬ በኪስ የሚገባው እኩል ቢሆንም አገልግሎቱ ለረዘመ ሠራተኛ ልዩነቱ ትልቅ ነው።

4. መነሻ፣ ግብ፣ ወለል

ለእያንዳንዱ ዋና ጥያቄ ሦስት ቁጥር ያዙ፤ ለምሳሌ መነሻ 18 በመቶ፣ ግብ 12፣ ወለል (ከዚያ በታች የማትቀበሉት) 9። ጠቅላላ ጉባኤው የሚወስነው የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ነው። ወለሉን በጉባኤ ፊት አትናገሩ። በ300 ሰው ፊት የተነገረ ቁጥር በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላ ከእሱ በላይ የሚከፍላችሁ የለም። የወለሉን ሥልጣን ለቡድኑ ስጡ፤ በቴሌግራም ግሩፕም አይጻፍ።

አወራረዳችሁም አስቀድሞ ይታሰብ። ከ18 ወደ 15፣ ከ15 ወደ 13.5፣ ከዚያ ወደ 12.5 መውረድ ዳር መድረሳችሁን ይነግራል። እያንዳንዱ ጊዜ በሁለት ሁለት ከወረዳችሁ ግን ወዲያኛው ወገን ቀጣዩን ሁለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በነጻ አትውረዱ፤ «ወደ 15 የምንወርደው የሌሊት ሰርቪሱ ከተፈቀደ ነው» በሉ።

5. ደብዳቤውና የድርድሩ ደንብ

ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከረቂቁ ጋር አያይዛችሁ አስገቡ፤ የደረሰበትን ቀን በማኅተም አስመዝግቡ። አሠሪው ጥያቄው በደረሰው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ ወገኖች የድርድር ደንብ ያወጣሉ፤ ብዙዎች ለይስሙላ ያልፉታል፣ እናንተ ግን እነዚህን አስገቡበት፦ የስብሰባ ቀንና ሰዓት፣ ከእያንዳንዱ ወገን ስንት ሰው፣ ማንኛውም ወገን የ15 ደቂቃ ዕረፍት መጠየቅ እንደሚችል፣ ቃለ ጉባኤው በዕለቱ እንደሚፈረም። ገንዘብ የማይነኩ አንቀጾች በየዕለቱ ቢፈረሙ ጉዳት የለውም። የገንዘብ አንቀጾች ግን በአንድ ላይ የሚጸድቁ እንዲሆኑ አድርጉ፤ ሕክምናው ለብቻው ተፈርሞ ካለቀ በደመወዙ ልትለውጡት አትችሉም።

በሐዋሳና በቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርኮች እንዳሉት የውጭ ባለሀብቶች ፋብሪካዎች ከሆነ የአስተርጓሚ ጉዳይም በደንቡ ይግባ። ኩባንያው የሚከፍለው አስተርጓሚ የኩባንያው ሰው ነው። የራሳችሁን አምጡ ወይም ቢያንስ ቋንቋውን የሚሰማ አንድ ሰው በቡድኑ ይኑር፤ ቁጥር ሁሉ በሰሌዳ ይጻፍ። ሁለት ቅጂ ከተዘጋጀ የትኛው የበላይ እንደሆነ አሁን ተስማሙ።

6. በጠረጴዛው ላይ

ዋና ተደራዳሪው መካከል ይቀመጥ፣ ሒሳብ ሠሪው በቀኙ ወይም በግራው፣ ወረቀቱን ማየት በሚችልበት ርቀት። የሚያየው ሰው ጫፍ ላይ ይሁን። በስልክ አትጻጻፉ፤ ስክሪን ይታያል፣ ማሳወቂያም ይጮኻል። ቁራጭ ወረቀት ይበቃል።

ሦስት ነገር ክልክል ይሁን፦ «እኔ በግሌ» ብሎ መናገር፣ የባልደረባን ንግግር ማረም፣ በፊት ገጽታ መልስ መስጠት። ባልደረባችሁ ከተሳሳተ ዕረፍት ጠይቁ። ዕረፍት መጠየቅ የማንኛውም አባል መብት ይሁን፣ ለምን ተብሎም አይጠየቅ።

አሠሪው ዝም ያለውን ሰው እየመረጠ መጠየቁ የተለመደ ነው፦ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ጥያቄው ስለ ክፍሏ አሠራር ከሆነ የምታውቀውን ትመልስ፤ ስለ አቋም ከሆነ «ይህን የሚመልሰው ዋና ተደራዳሪያችን ነው» ትበል። ሁለተኛው ዘዴ ከስብሰባ ውጭ አንዱን ቡና መጋበዝ ነው። መሄድን መከልከል አይቻልም፣ ጨዋነትም አይደለም። ደንቡ ሌላ ነው፦ የሄደ ሰው በዚያው ቀን የተባለውን ለቡድኑ ይናገራል። «አቶ እገሌ እኮ ተስማምተዋል» ሲባል መልሱ «እኛ የምናውቀው በጠረጴዛው ላይ የተባለውን ነው» የሚል ብቻ ይሁን።

7. በዕረፍቱ ውስጥ

ወረቀታችሁን ሁሉ ይዛችሁ ውጡ፣ ከሰው ሀብት ቢሮ በር ላይ አትቁሙ። መጀመሪያ ሒሳብ ሠሪው ቁጥሩን ይንገር። ከዚያ ከሁሉ ታናሽ የሆነው ይጀምር፣ ሊቀ መንበሩ መጨረሻ ይናገር። ቅደም ተከተሉ ቀልድ አይደለም። 25 ዓመት ያገለገሉት ጋሼ መጀመሪያ «በቃ እንፈርም» ካሉ ሁለት ዓመት ያገለገለው ልጅ ስሌቱ ስህተት መሆኑን ቢያውቅም አፉን አይከፍትም። ለአንድ ሰው ደግሞ በየዕረፍቱ የተቃዋሚነትን ሥራ ስጡት፤ ግዴታው ስለሆነ ማንም አይቀየመውም።

15 ደቂቃ ካልበቃ ቀጠሮ ያዙ። ደክሟችሁ፣ ምሳ ሳትበሉ፣ በ11 ሰዓት የምትፈርሙት አንቀጽ ሦስት ዓመት ይከተላችኋል።

8. ካልተስማማችሁ

ያልተስማማችሁበትን በትክክል ጻፉ፤ «ድርድሩ ፈረሰ» አይበቃም። የትኛው አንቀጽ፣ የእናንተ የመጨረሻ ቁጥር፣ የአሠሪው የመጨረሻ ቁጥር። ጉዳዩ በሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አካል ወደሚመደብ አስማሚ ሊሄድ ይችላል፤ አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ማስማማት ካልቻለ ሪፖርት ያደርጋል፣ ከዚያም ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ቦርድ ይቀርባል። ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቀን የጻፈው ቃለ ጉባኤ ዋጋው የሚታየው ያኔ ነው። ሥራ ማቆም ከታሰበ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያና የአባላት ድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት ስላለው፣ የቡድኑ አባል በንዴት «ነገ እናቆማለን» ብሎ መናገር የለበትም።

9. ፊርማና ከዚያ በኋላ

በኮምፒውተር የተተየበውን የመጨረሻ ቅጂ ከቃለ ጉባኤዎቹ ጋር ሁለት ሰው ሆናችሁ አንቀጽ በአንቀጽ አስተያዩ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ያመሳክር። «ይከፍላል» የነበረው «ሊከፍል ይችላል» ሆኖ የሚገኘው እዚህ ነው። ከፊርማ በኋላ ስምምነቱ ለሚመለከተው አካል ተልኮ ይመዘገባል። ለሠራተኛው ሲገለጽ መላው ቡድን ይገኝ፤ ያልተገኘ ጥያቄ ለምን እንዳልተገኘ የዚያ ክፍል ተወካይ ራሱ ይናገር።

ሌላ ጊዜ ካልተወሰነ ስምምነቱ የሚጸናው ለ3 ዓመት ነው፣ አዲሱ ድርድር ደግሞ ከማብቂያው 3 ወር በፊት ይጀመራል። ካበቃ በኋላ በ3 ወር ውስጥ ድርድሩ ካልተጠናቀቀ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ድንጋጌዎቹ ተፈጻሚነት ያቆማሉ፤ ስለዚህ ለጥያቄ ማሰባሰቡ ከማብቂያው 6 ወር በፊት ያለውን ቀን በማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ጻፉ። የሒሳብ ወረቀቱን፣ የአሠሪውን የመጀመሪያና የመጨረሻ አቀራረብ፣ የዕረፍቶቹን ማስታወሻ በአንድ ፋይል አስሩና ለጸሐፊው አስረክቡ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ኮሚቴው መለወጡ አይቀርም፣ የፋይናንስ ኃላፊው ግን ያው ሰው ሊሆን ይችላል።